አምስት ወረቀት፣ አንድ መልስ

ወገዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለመምህር አዲስዓለም፣
የርቀት ትምህርት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አራሚ፣
ባሕር ዳር

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ ደኅና ነን። ይህን የምለው ለወጉ ያህል ነው፤ ደብዳቤዎ ከደረሰን ወዲህ ማናችንም ደኅና አልሰነበትንም።

የላኩልንን የኩረጃ ማስጠንቀቂያ አምስታችንም በየስማችን ተቀብለናል። ከላይ ያለው ስም ብቻ ነው የሚለየው፤ ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ፊደል እንኳ አልተዛነፈም። «አንድ ዓይነት መልስ ጻፋችሁ» ብሎ የሚከስ ሰው አምስት አንድ ዓይነት ደብዳቤ መጻፉን ቄስ ገብረ መድኅን አይተው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ምንና ምን እንደሆንን ለጠየቁት፣ ዘመዳሞች አይደለንም። እኔ የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ትርሲት የጤና ጣቢያው ጽዳት ናት፣ ከሁላችን ታናሽ። ቢሻው የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው፤ ዕድሜውን በውትድርና ጨርሶ የመጣ። አዛለች የግብርና ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ናት። አራታችንም በአዲሱ መዋቅር አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰ ከቦታው ይነሣል ተብለናል። ቄስ ገብረ መድኅን ግን የሚያነሣቸው የለም፤ ልጆቼ ምን እንደሚማሩ ሳላውቅ አልሙት ብለው ነው የተመዘገቡት።

ሞጁሉ የሚመጣልን በጆንያ ነው። አስተማሪ የለውም፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። «ካልገባህ ወደኋላ ተመልሰህ አንብብ» ይላል። ተመልሰን እናነባለን፤ ወደኋላም ያው ነው። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቄሱ ቤት ተሰብስበን አብረን እንሠራለን። ይህ ኩረጃ ከተባለ እንግዲህ ማኅበር ሁሉ ኩረጃ ነው።

ስለ ሰባተኛው ጥያቄም ጠይቀዋል። አዎን፣ አምስታችንም በአማርኛ «ይህ ለነገ ይደር» ብለን ጽፈናል። ደክሞን ስለነበር በአንድ ቃል ተስማምተን አሳደርነው። ነገ የተባለው ቀን ሲመጣ ፖስታውን የሚወስደው አይሱዙ ተነሣ። ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥያቄ ይስሙኝ። በጥቅምት ወር ለማጠናከሪያ ትምህርት ንፋስ መውጫ ኑ ብላችሁ ጠርታችሁን ነበር። ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግራችን መጣን። ቄስ ገብረ መድኅን የመቋሚያቸውን ጫፍ ሰብረው ነው የደረሱት። ከትምህርት ቤቱ በር ቅዳሜንም እሑድንም ቆምን። ማን ሊመጣ ነበር?

ማስጠንቀቂያውን ይሰርዙልን።

አክባሪዎ፣ ቅያሜዬ እንዳለ ሆኖ፣
ተዋበች


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ተዋበች፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ ደግሞ የተናደድኩበት ምክንያት ጠፍቶኝ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረቀት ተከምሮ ከበላዩ መስኮቱ አይታይም። አርሜ እልካለሁ፤ ሌላ ክምር ይመጣል። እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ደብዳቤ የጻፈልኝ ተማሪ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት። እሱም ለወቀሳ ሆነ።

በጥቅምቱ ቀን ያልመጣሁት መኪና ተበላሽቶ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማስጠንቀቂያውን ግን ልሰርዝ አልችልም። መረዳዳት ሌላ ነው፣ መገልበጥ ሌላ። አምስት ሰው በአንድ ጥያቄ ላይ እኩል ሊሳሳት ይችላል፤ አምስት ሰው ግን ስድስት ቦታ እኩል አይሳሳትም። በእርስዎ ወረቀት ላይ ስርዝ ድልዝ አለ። በአራቱ ላይ የለም። ይህ ምን እንደሚነግረኝ መገመት ይችላሉ።

ከዚህ ጋር ለእያንዳንዳችሁ የተለያየ ሦስት ሦስት ጥያቄ ልኬያለሁ። ለየብቻ አስቀምጠው ያሠሯቸው፣ ተቆጣጣሪዋ እርስዎ ይሁኑ። አምናለሁ፤ ቁጣዎ የሐሰተኛ ሰው ቁጣ አይመስልም። የሠሩትን ይላኩልኝ። ካልተላከ ግን የአምስታችሁም ውጤት እንዲሰረዝ ማመልከት ግዴታዬ ነው።

አዲስዓለም


ወገዳ፣ ጥር 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለመምህር አዲስዓለም፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። ለእኛ በሰላም አላደረሰንም።

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። በዓሉ ሲያልፍ የችሎቱን አዳራሽ አስፈቅጄ አራቱን በአራት ማዕዘን አስቀመጥሁ። ራሴም በዳኛው ወንበር ተቀምጬ የራሴን ሠራሁ። ወረቀታቸውን እንደሰጡኝ ልኬልዎታለሁ፣ አንዲት ነጥብ አልነካሁም። ሲከፍቱት ግን የደበቅሁት ነገር ያለ እንዳይመስልዎ አስቀድሜ ልናገር።

ቢሻው ባዶ ወረቀት አጥፎ መለሰልኝ። «ወታደር ያላየውን አያወራም» አለኝ። አዛለች ሦስቱንም ሞልታ ነበርና ደስ አለኝ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው የባለፈውን የቤት ሥራ መልስ በቃሏ አጥንታ ኖሯል፣ ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ። ቄስ ገብረ መድኅን አንዱን ጀምረው መሐል ላይ ሲደርሱ «የማውቀው እስከዚህ ነው» ብለው ጻፉበት። ትርሲት ስሟን ጻፈች። ከስሟ በታች ምንም የለም።

እንግዲህ ልክ ነበሩ። ይህን ቃል ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል።

ያን ቀን ሁሉንም ትቼ የጮህሁት በትርሲት ላይ ነው። ለምን በእሷ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ታናሽ ስለሆነች።

«በየእሑዱ ገባኝ፣ ገባኝ ስትይ የነበረው ምኑ ነው የገባሽ?» አልኋት።

«ምንም» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እትዬ፣ አንቺ ትቸኩያለሽ። እንዳላዘገይሽ ብዬ ነው።»

መጥረጊያዋን ከበሩ አንሥታ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ የመጣ ሰው የለም።

ቄሱ ቤት ብቻዬን ሄጄ ነበር። እኔው አስተምሬ፣ እኔው ሠርቼ፣ እኔው ጥፋተኛ ሆንሁ እያልሁ አማረርሁባቸው። ሰሙኝና ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲማሩ የነበረውን አወሩልኝ። የኔታ ማንንም ተማሪ በቀጥታ አይሰሙትም ነበር አሉ። መጀመሪያ ከፍ ያለው ጓደኛው ነው የሚያስቀጽለው፤ ቀለሙ አፉ ላይ እስኪሄድ እያስደገመ ይሰማዋል እንጂ አይዘምርለትም። «አንቺ ግን ተዋቡ» አሉኝ፣ «አጎረስሽን እንጂ አላስቆረስሽንም።»

የቄስ ነገር አይመለስም፤ ተነሥቼ ወጣሁ።

ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅዎትም። ቢሻው ለቀጠሮ ንፋስ መውጫ ወርዶ የመሥሪያ ቤታችሁን ሾፌር አግኝቶት ነበር። መኪናው በጥቅምት ምንም አልሆነም አለው፤ ባለጉዳይ ጠፍቶ ቆሞ ነበር የከረመው። እኔ ያልገባትን ገባኝ ያለችን ልጅ አዋረድሁ። እርስዎ ደግሞ ያልተበላሸን መኪና ተበላሸ ይሉኛል። እኛን ለማረም የቀረ ሰው ማን ነው?

ተዋበች


ባሕር ዳር፣ የካቲት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ተዋበች፣

ስለ መኪናው የጻፉትን አንብቤያለሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ሌላ ነገር መጻፍ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ከእናንተ ቀጠሮ በፊት በነበረው ቀጠሮ ወደ ንፋስ መውጫ ሄጄ ነበር። ጠመኔና መጥረጊያ ይዤ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። አንድ ሰው መጣ፤ እሱም ሰርተፊኬቱ መቼ እንደሚሰጠው ሊጠይቅ ነው። በጥቅምት ደግሞ ማንም አይመጣም ብዬ ቀረሁ። እናንተ በሩ ላይ መቆማችሁን እስከ ደብዳቤዎ ድረስ አላወቅኩም። ካወቅኩ በኋላም እውነቱን አልጻፍኩም። ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

የአራቱን ወረቀት አይቻለሁ። ለመሥሪያ ቤቱ አላመለከትኩም። አንድ ሰው «የማውቀው እስከዚህ ነው» ብሎ የጻፈበትን ወረቀት ከያዝኩ ወዲህ ነው የት ላይ እንደሚጠፋባችሁ በቅጡ ያየሁት። እስከ ዛሬ የማርመው የእርስዎን አምስት ቅጂ ነበር።

በመጋቢት ሁለተኛው ቅዳሜ ወገዳ እመጣለሁ። ወደ ንፋስ መውጫ አትምጡ። መሥሪያ ቤቱ መኪና ባይሰጠኝ በአይሱዙ እመጣለሁ። ሁሉም እንዲገኙ ያድርጉልኝ፤ በተለይ ትርሲት።

የአለቆች ፈቃድ ገና አልተገኘም። ይህን የምነግርዎት ብቀር ምክንያቴን አስቀድመው እንዲያውቁት ነው። ግን አልቀርም።

አዲስዓለም


ወገዳ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለመምህር አዲስዓለም፣

በደኅና ገቡ? የዚያ መንገድ አቧራ ከሳንባዎ ወጣልዎ? እዚህ ካደሩ ወዲህ ገበያው ሁሉ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው፤ ደግ ደጉን ብቻ እንዳይመስልዎ።

እውነቱን ልንገርዎት። መነጽር ያጠለቀ፣ ከንፈሩን የሚነክስ ሽማግሌ ነበር የጠበቅሁ። ከአይሱዙ ጭነት ላይ ሲወርዱ አዛለች ፊት ለፊት ቆማ «መምህሩስ የት ቀሩ?» ስትልዎ እኔም ያንኑ ልጠይቅ ነበር። የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነዎት። ይህን ሳላውቅ ነው ያን ሁሉ ጊዜ በክብር የተቆጣሁት።

«አንተ ይበሉኝ» ብለውኝ ነበር። መምህርን አንተ ማለት አይሆንልኝም።

ትምህርቱ እንዴት እንደነበረ ለራስዎ ልጽፍልዎ ነው የፈለጉት? እንግዲህ የጠየቁትን ይስሙ። ጧቱን ሙሉ በችሎቱ አዳራሽ ጀርባዎን ሰጥተውን ለሰሌዳው ነው ያስተማሩት። ቢሻው እጁን አውጥቶ «ጌታዬ፣ አልገባኝም» አለ። ደገሙት። «አሁንስ?» አሉት። «አሁንም» አለ። ሦስተኛ ሲደግሙት ድምፅዎ ሊሰበር ደርሶ ነበር፤ እኔ ደግሞ በልቤ፣ የእኔን እሑድ ይቅመሰው፣ እያልሁ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው ተከሳሽ ከሚቆምበት ሳጥን ጫፍ ላይ ተቀመጡና ትርሲትን፣ «አንቺ የገባሽን ያህል በአማርኛ ንገሪው፤ የገባሽ አንድ መሥመር ከሆነም አንዷን መሥመር» አሏት። አንድ መሥመር ነገረችው። ሁለተኛውን አዛለች ቀጠለች። ሦስተኛው ላይ ተጣሉ። የተጣሉበትን ቄሱ ከሞጁሉ ፈልገው አነበቡ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አላስታወሰ። እኔ ብቻ አፌን ይዤ ተቀመጥሁ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ ብለውኛልና። እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

አሁን ምዕራፎቹን ተካፍለናል። እያንዳንዱ የራሱን ምዕራፍ ለሌላው ያስቀጽላል። የማዕዘኑን ምዕራፍ ቢሻው ወሰደ፤ መድፍ ሲያነጣጥር ማዕዘን እንደሚለካ ትዝ አለው። እንግሊዝኛው ለትርሲት ተሰጠ፤ ጤና ጣቢያ ነርሶቹን እየጠየቀች ያነበበችው ቀላል አይደለም። ሁሉም ነገር በጣም ይዘገያል። አንዱን ገጽ ሁለት እሑድ እንቀመጥበታለን። ሊያሳብደኝ ደርሷል፤ ግን ማንም አልቀረም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ የጠየቁኝን አልረሳሁትም። በትርሲት ቀን ለምን እንደማልገኝ ነው፤ ማን እንደነገርዎ እንጃ። መዝገብ ቤት ሥራ በዝቶብኛል። ደግሞም እንግሊዝኛ እኔን አይከብደኝም፤ ስምንተኛን የጨረስሁ በደኅና ውጤት ነው።

ተዋበች


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ተዋበች፣

እንዴት ከርመዋል? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ አላባራም። ቄስ ገብረ መድኅን ጤናቸው እንዴት ነው? የቢሻው ጉልበት ተሻለው? አዛለችስ? ልጇ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው ብለውኝ ነበር። ለሁሉም ሰላምታዬን በየስማቸው ያድርሱልኝ። የገብሱ አዝመራ በጎ እንዲሆንላችሁም እመኛለሁ። አለቆቼ ያን መንገዴን በኋላ ፈቅደውልኛል፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሌሎች አራሚዎችም ተማሪዎቹ ወዳሉበት እንዲሄዱ እየተነጋገርን ነው። በዚህ ደስ ብሎኛል።

የፈተናው ውጤት ወጥቷል። ቄስ ገብረ መድኅን፣ ቢሻው፣ አዛለችና ትርሲት ወደ አሥረኛ ክፍል ተዛውረዋል። ትርሲት በእንግሊዝኛ ከፈተና ጣቢያው ሁሉ ከላይ ናት።

እርስዎ በሒሳብ ከሁሉም በልጠዋል። እንግሊዝኛው ግን አልሞላም። ወረቀቱን ራሴ ለምኜ ሁለተኛ አሳይቻለሁ። ያው ነው።

ድጋሚ ፈተና ከመስቀል በኋላ አለ። በንፋስ መውጫ ይሰጣል። እባክዎን ይመዝገቡ።

አዲስዓለም


ወገዳ፣ ነሐሴ 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአዲስዓለም፣

ከእንግዲህ አንተ ልልህ ነው። በእርስዎ እየተባለ የልብ ቁጣ አይወጣም።

ደብዳቤህ ወንዝ ሞልቶ ሳምንት ከወንዙ ማዶ አድሮ ነው የደረሰኝ። ሁለተኛው መሥመር ላይ ስደርስ ውጤቱን አወቅሁት። ስለ ገብስ አዝመራ ይህን ያህል የሚጨነቅ የሒሳብ መምህር የለም። ሁለተኛ መርዶ ስትጽፍ መርዶውን አስቀድም።

ለአራቱ እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እኔ በቃኝ፣ እናንተ ቀጥሉ አልኋቸው። የመዝገብ ቤቱን ወንበር የሚወስደው ይውሰደው፣ ጥጥ እፈትላለሁ አልሁ። ጥጥ መፍተል ከተውሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ እንዝርት እንኳ ቤቴ የለም። ማንም አልተከራከረኝም። እሺ ብለው ወጡ። ይህም አናደደኝ።

በነጋታው ትርሲት የጤና ጣቢያውን ልብስ እንደለበሰች ደጄ ላይ ቆመች። ዣንጥላ የላትም፤ ውኃው ከራሷ ይወርዳል።

«ግቢ» አልኋት።

«አንቺ ነሽ የምትወጪው» አለችኝ። «ቄሱ ቤት እየጠበቁሽ ነው።»

«ማን?»

«ሁሉም። ዛሬ እንግሊዝኛ ነው።»

«እናንተ አልፋችሁ የለ እንዴ? ምን እንግሊዝኛ አላችሁ?»

ዝም ብላ ቆመች። አዲስዓለም፣ ከዝምተኛ ሰው ጋር መጣላት አይቻልም። ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኋት።

የአስተማሪነቷን ነገር ምን ብዬ ልንገርህ። አንዲት አንቀጽ ታስነብበኛለች። «ገባሽ?» ትላለች። «ገባኝ» እላለሁ። «እንኪያ ንገሪኝ» ትላለች። ልናገር ስል ይጠፋብኛል፤ አፌ ውስጥ ያለ የመሰለኝ ሁሉ የለም። የገባኝ ይመስለኝ የነበረው ቃሎቹን ለይቼ ስለማውቃቸው ነው። ምላሷን ትመታለች፤ ያን ድምፅ ከእኔ ነው የተማረችው፣ አሁን ሰማሁት። ቢሻው ከማዕዘኑ ይስቃል። አዛለች እኔ ያልመለስሁትን ቀድማ መልሳ ዓይኔን ታያለች።

በትርሲት ቀን ለምን አልቀመጥም ብለህ ጠይቀኸኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬህ ነበር። በዝቶብኝ አልነበረም። ከእኔ ታንሳ ከምታስተምረኝ ልጅ ፊት አልገባኝም ማለት አልፈለግሁም፤ ይኸው ነው። ይህን ጻፍሁልህ እንጂ ለእሷ አልነገርኋትም። ያወቀች ይመስለኛል።

ለድጋሚው መዝግበኝ።

ተዋበች


ወገዳ፣ ኅዳር 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለአዲስዓለም፣

ይህኛውን ደብዳቤህን ወደድሁት። «አልፈዋል» የሚለው ከሰላምታው በፊት ነው የመጣ።

ፈተናው ዕለት እንዴት እንደነበርሁ ጠይቀሃል። የሆነውን ልንገርህ። ለብቻዬ የምሄድ መስሎኝ ጎሕ ሲቀድ አይሱዙ መናኸሪያ ደረስሁ። አራቱም ከጭነቱ ላይ ተቀምጠዋል። ቢሻው ጥበቃውን ለሰው አደራ ሰጥቶ፣ ትርሲት ፈረቃዋን ቀይራ፣ አዛለች አለቃዋን ዋሽታ። ቄስ ገብረ መድኅን ጫፉን የጠገኑትን መቋሚያቸውን ይዘው።

«እናንተ ምን ፈተና አላችሁ?» አልኋቸው።

«የለንም» አለ ቢሻው።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እንሄዳለን» አለና እጁን ዘርግቶ ወደ ላይ ሳበኝ።

መንገዱን ሙሉ ተቆጣኋቸው። ሥራ ላይ የተገኘ ሰው እንኳ እየተነሣ ባለበት ጊዜ ሥራ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል አልሁ። ትርሲት ብቻ እኔ በተናገርሁ ቁጥር «በእንግሊዝኛ በይው» ትለኛለች። ፈታኙ በሩን ሲዘጋው በመስኮቱ አየኋቸው፣ ከአጥሩ ሥር በንፋሱ ተኮራምተው። ስወጣም እዚያው ነበሩ። እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ የለም። አዛለች ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ወደ መኪናው ሄድን።

አሁን ወደ አቤቱታዬ። በመስከረም የአሥረኛ ክፍል ሞጁል አራት ልከህልናል። ያኔ አራት ሰው ብቻ ስላለፈ አራት መላክህ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ጆንያው ከደረሰ ወዲህ አልተፈታም። ቄሱ ቤት ጥግ ላይ ቆሟል። ወር ሙሉ ለመንኋቸው፤ ጊዜ እያለፈባችሁ ነው፣ መዋቅሩ እናንተን አይጠብቅም፣ ቢያንስ አንዱን ምዕራፍ ጀምሩ አልሁ። እሺ ይላሉ፤ አይነኩትም። የእኔ ፈተና ውጤት ሲመጣ እንኳ ሊፈቱት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ቄስ ገብረ መድኅን ጆንያውን ከላይ ዳስሰው ቆጠሩት፤ «አራት ነው» አሉና መልሰው አቆሙት።

ምንም ብናገር አልሰማ አሉኝ። አምስተኛውን ፈጥነህ ላክ።

ተዋበች